ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ መሄጃው ለምን ከመመለሻው ይረዝማል?

ጤና ይስጥልኝ። እናትዎ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ በሚጓዙበት ትኬት ላይ መሄጃው 17 ሰዓት፣ መመለሻው ግን 13 ሰዓት ገደማ መሆኑ ስህተት ይሆን ወይ ብለው ጠይቀዋል። ስህተት አይደለም። በዚህ መስመር ደጋግሜ ተመላልሻለሁ፣ እናቴንም አንድ ጊዜ ብቻዋን አሳፍሬያታለሁና የማውቀውን ልጻፍልዎት።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው አጭሩ የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሲሄዱም ሲመለሱም ያው ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው በዋናነት የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ደግሞ ክንፉ የማንሣት፣ ሞተሩም የመግፋት አቅማቸው ስለሚቀንስ፣ አውሮፕላኑ ሙሉ መንገደኛና ጓዝ ይዞ እስከ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ሞልቶ ለመነሣት ይቸገራል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ደለስ ግን ከባሕር ወለል በላይ 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ከዚያ ሲነሣ ነዳጁን ሞልቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። በዚያ ላይ በከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ንፋስ በመሄጃው ከፊት ይገፋል፣ በመመለሻው ከኋላ ያግዛል።

ስለ ነዳጅ መቅጃው እረፍት እናትዎን አስቀድመው ቢነግሯቸው እመክራለሁ። የእኔ እናት አውሮፕላኑ ሲያርፍ የደረሰች መስሏት ሻንጣዋን አውርዳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ በር ላይ ቆማ ነበር፤ አጠገቧ የተቀመጠች አንዲት ልጅ በአማርኛ ባታስረዳት ኖሮ እንዴት እንደምትደነግጥ ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። እኔ በተጓዝኩባቸው ጊዜያት ከአውሮፕላኑ ሳንወርድ አንድ ሰዓት ያህል ነው የቆየነው።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው መነሻውም መድረሻውም በየአገሩ ሰዓት ስለሆነ፣ ሁለቱን ቀናንሶ የጉዞውን ርዝመት ማግኘት አይቻልም። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ለምሳሌ በእነርሱ በጋ ከቦሌ 22፡30፣ ማለትም በእኛ ከምሽቱ 4፡30 የተነሣ ሰው፣ 17 ሰዓት ተጉዞ በማግስቱ በዋሽንግተን አቆጣጠር ከጠዋቱ 8፡30 ይደርሳል። ትኬቱ 00፡30 የሚል ከሆነ ደግሞ በተለይ ይጠንቀቁ፤ በእኛ ከሌሊቱ 6፡30 ስለሆነ፣ እናትዎ ቦሌ መገኘት ያለባቸው ትኬቱ ላይ ከተጻፈው ቀን በዋዜማው ማታ ነው።

ለመቀበል ሲሄዱም አውሮፕላኑ ባረፈበት ደቂቃ ይወጣሉ ብለው አይጠብቁ፤ በኢሚግሬሽን ሰልፍና በሻንጣ ጥበቃ እኔ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየሁበት ጊዜ አለ።