ከሽንት ቤት መቀመጫ ሥር የሚወጣው ውሃ የማን ዕዳ ነው?

ጥያቄ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ እኖራለሁ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ሥር ውሃ ይወጣል። ከታች ያሉት ጎረቤት የመታጠቢያ ቤታቸው ጣራ ርሶ ቀለሙ ተላጠና 18,000 ብር ክፈይ አሉኝ። አከራዬ ደግሞ «ውሉ ጥቃቅን ጥገና በተከራይ ይላል፤ አንቺው አሠሪው» ብለውኛል። ከኪራዩ ቀንሼ ላሠራው? የጎረቤቱንስ እኔ ነኝ የምከፍለው?

መልስ፦ ከፋዩን የሚለየው ውሃው የሚመጣበት ቦታ ነው። እሱ ሳይታወቅ ለማንም አይክፈሉ። «እከፍላለሁ» የሚል መልእክትም አይላኩ፤ ነገ ጥፋቱን እንዳመኑ ተደርጎ ይቀርብብዎታል።

መቀመጫው ሥር የሚታይ ውሃ ሁልጊዜ ከዚያው የመነጨ አይደለም። ወለሉን ያድርቁና ደረቅ ሶፍት በመቀመጫው ዙሪያ፣ በፍሌክሲብሉ (ውሃውን ከመዝጊያው ወደ ታንኩ በሚያደርሰው ተጣጣፊ ቱቦ) ሁለት ጫፎችና በውሃ መዝጊያው ሥር ያስቀምጡ። ማንም ውሃ ሳይለቅ ሶፍቱ ከራሰ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መዝጊያው፣ ፍሌክሲብሉ ወይም ታንኩ ነው። ሲለቀቅ ብቻ ከራሰና የመቀመጫው ጀርባ ደረቅ ከሆነ፣ መቀመጫው ከወለሉ የፍሳሽ ቱቦ ጋር የሚገናኝበት ጎማ ለቋል ማለት ነው። ጀርባው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ውሃው የሚወርደው በታንኩና በመቀመጫው መካከል ካለው ጎማ ነው። ከተጠራጠሩ የቀይ ሥር ቅቅል ውሃ ታንኩ ውስጥ ይጨምሩ፦ ወለሉ ላይ ቀይ ከወጣ ጥፋቱ ታንኩ ላይ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ቀለም የሌለው ከሆነ ግን ውሃው ታንኩ ከመድረሱ በፊት ነው የሚያፈሰው። (ቶሎ ይጥረጉት፤ የወለሉን ሴራሚክ ፉጋ (በንጣፎቹ መካከል ያለውን መሙያ) ያቀልማል።)

ይህን ሁሉ በስልክ ይቅረጹ። ጥገናው ማስረጃውን ይዞት ይሄዳልና። መቀመጫው ተነሥቶ አዲስ ጎማ ከገባ በኋላ አሮጌው በእርጅና ተበልቶ ይሁን ተጣሞ ተገጥሞ ማንም መናገር አይችልም። ስለዚህ መቀመጫው ሲነሣ አከራይዎ ወይም የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ኮሚቴ አባል ቢገኙ ጥሩ ነው፤ ካልተገኙ ሁለት ጎረቤት አይተው አጭር ጽሑፍ ላይ ይፈርሙ። አሮጌውን ጎማ በፌስታል ቋጥረው ያስቀምጡት።

ባለሙያው መቀመጫውን ሳያነሣ ዙሪያውን ሲሊኮን ልቀባልዎ ካለ አይፍቀዱ። ውሃው አይቆምም፤ ወደ ሶሌታው (በሁለቱ ፎቆች መካከል ወዳለው ኮንክሪት) ይሰርግና ከታች ባለው ቤት ይወጣል። በሕግ በኩልም ይብስብዎታል፦ ጉዳቱን እያወቁ ሸፈኑት ይባላል። ትክክለኛው ጥገና ውሃውን ዘግቶ፣ ታንኩን ባዶ አድርጎ፣ ብሎኖቹን ፈትቶ መቀመጫውን ማንሣት፣ ቱቦውን ማጽዳትና ጎማውን መቀየር ነው። መቀመጫው የሚወዛወዝ ከሆነ አዲሱም ጎማ አይቆይም፤ ሥሩ ማስተካከያ ሽብልቅ ይግባበት። ብሎኖቹ ተራ በተራ፣ በመጠኑ ይጠበቁ፤ አንዱን ጎን ብቻ አጥብቆ መጨረስ የመቀመጫውን ሴራሚክ ይሰነጥቃል። ሲሊኮን የሚቀባው በመጨረሻ ነው፤ ያኔም ከኋላ በኩል ትንሽ ክፍት ይተው፤ ዳግም ቢያፈስ ቶሎ እንዲታይ።

አሁን ወደ ውሉ። በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731)። ሆኖም ውልዎ «ጥቃቅን» የሚለውን ካላብራራ፣ አሻሚ ቃል ግዴታ ለገባው ወገን በሚያደላ መንገድ ይተረጎማል (ቁጥር 1738)፤ እዚህ ግዴታ የገቡት እርስዎ ነዎት። በእኔ ግምት ፍሌክሲብል መቀየር ጥቃቅን ነው፤ መቀመጫ አንሥቶ የፍሳሽ መገናኛ ማደስ ግን አይደለም። ጎማው በእርጅና ወይም በአገጣጠም ጉድለት ከለቀቀ የአከራዩ ነው። መቀመጫው በእርስዎ እጅ ተመትቶ ከተሰነጠቀ ግን የእርስዎ ነው፤ እዚህ ላይ አከራዩ አይፈረድባቸውም። ጥፋቱ ከላይ እስከ ታች የሁሉንም ፎቅ ፍሳሽ በሚያወርደው ቱቦ ላይ ከተገኘ ደግሞ የጋራ መገልገያ ነውና በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ጉዳዩ ወደ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ይሄዳል። እዚያ አባሉ አከራይዎ እንጂ እርስዎ አይደሉም።

የጎረቤትዎ ጥያቄ ሌላ መንገድ አለው። ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው፤ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ (ቁጥር 2077)። እርስዎ የሚጠየቁት በጥፋትዎ ነው (ቁጥር 2028)። ሁለት ሳምንት አልፏል ብለዋል፤ ለአከራይዎ የነገሩት በስንተኛው ቀን ነው? በማግሥቱ ከሆነ ጠንካራ ቦታ ላይ ነዎት። ጎረቤትዎ ሲመጡ ከሆነ ግን ከፊሉ ሊደርስብዎ ይችላል። ያም ሆኖ 18,000 ብሩ ዝርዝር ይቅረብበት። ካሣ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ነው (ቁጥር 2091)፤ የራሰ የመታጠቢያ ቤት ጣራ ሳሎኑንም ለማስቀባት ምክንያት አይሆንም። ሶሌታው ሳይደርቅ የተቀባ ቀለም ደግሞ መልሶ ይላጣል፤ ለሁለተኛው ቅብ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም። ጎረቤትዎ መክሰስ ቢፈልጉ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት አላቸው (ቁጥር 2143)፤ በዛሬ ዛቻ አይደንግጡ።

ከኪራዩ መቀነሱን ግን በጭራሽ አልመክርም። ዕዳን ከዕዳ ለማቻቻል ሁለቱም የታወቁና የሚከፈሉበት ጊዜ የደረሰ መሆን አለባቸው፤ አከራይዎ የሚክዱት የጥገና ወጪ ገና እዚያ አልደረሰም። ኪራይ ያጎደለ ተከራይ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሰጠውን ከለላ በገዛ እጁ ያላላዋል። ኪራዩን በቀኑ በባንክ ያስገቡ፤ ጥገናውን ለብቻው በጽሑፍ ይጠይቁ፦

«ከመቀመጫው ሥር ውሃ እየፈሰሰ ታች ያለውን ቤት እየጎዳ ነው። ይህ ደብዳቤ በደረስዎ በሦስት ቀን ውስጥ ያሠሩልኝ። ካልሆነ ጉዳቱ እንዳይባባስ አሠርቼ ወጪውን እጠይቅዎታለሁ።»

ሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብለው ይፈርሙልዎ፤ እምቢ ካሉ በአደራ ደብዳቤ ይላኩ፣ ፎቶውንም በቴሌግራም ይጨምሩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል። እስከዚያው መዝጊያውን ዘግተው በባልዲ መገልገል ፍሌክሲብሉንና ታንኩን ያሳርፋል፤ የተበላው የታችኛው ጎማ ከሆነ ግን የባልዲውም ውሃ ያፈሳልና ጥገናው አይዘግይ።

የቧንቧ ሠራተኛው ደረሰኝ ከሌለው የዕቃውን ደረሰኝ ከሱቁ ይያዙ፤ የእጅ ዋጋውን ደግሞ ጽፎ ይፈርምልዎ። ወረቀቱ ላይ «መቀመጫው ተነሥቶ የተበላው የፍሳሽ ጎማ ተቀይሯል» የሚል ይኑርበት፤ «የሽንት ቤት ጥገና» ብቻ የሚል ወረቀት ለዳኛው ምንም አይነግረውም።