መልስ፦ በድሮ የወደብ ሥዕል ማን ጌታ፣ ማን ጫኝ?

ወዳጄ፣ «በድሮ የወደብ ሕትመቶች (ከተቀረጸ ሰሌዳ በወረቀት ላይ በታተሙ ሥዕሎች) ላይ ሀብታሙንና ሠራተኛውን በልብሱ ብቻ መለየት ይቻላል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ልብስ ይረዳል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ወገብን ነው። የጎበጠው ማነው? ቀጥ ብሎ የቆመውስ? በርሜል የሚያንከባልል ሰው ጀርባው ይታጠፋል። ነጋዴው ከዘራውን ተደግፎ ቆሟል፣ ወይ በጣቱ ይጠቁማል። ቢበዛ ወረቀት ቢይዝ ነው። ፊትንም እይ። የሠራተኛው ፊት ብዙ ጊዜ ወደ ዕቃው ዞሯል።

ዋናው ጥያቄ ግን ከፋዩ ማነው የሚለው ነው። የፈረንሳዩን ሠዓሊ ዦሴፍ ቨርኔን ውሰድ። ንጉሥ ሉዊ 15ኛ እ.ኤ.አ. በ1753 የአገሪቱን ወደቦች እንዲሥል አዘዘው፤ 15 ሥዕል ሠራ። ኮሸንና ለባ የተባሉ ቀራጮች ደግሞ ሥዕሎቹን በመዳብ ሰሌዳ ቀርጸው አሳተሟቸው። ሠራተኛ እዚያ በሽ በሽ ነው። ያዘዘው ግን ንጉሡ ነውና ወደቡ ሞቅ፣ ደመቅ ብሎ መታየት ነበረበት። ስለዚህ ሥራው ይታያል፣ ምሬቱ አይታይም። እንደ ፎቶ ማስረጃ አትቁጠረው።

በነገራችን ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ግራኝ ከመሰለህ አትደነቅ። ከሰሌዳ ወደ ወረቀት ሲታተም ምስሉ ይገለበጣል፤ ቀራጩ አስቀድሞ ካላሰበበት ቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል። ቀለም ካለውም ጠንቀቅ በል። ብዙዎቹ በጥቁር ብቻ ታትመው በኋላ በእጅ የተቀቡ ናቸው። ያ ቀይ ካባ የቀቢው ምርጫ ሊሆን ይችላል።