መጀመሪያ ጭድ፣ ከዚያ ሰው፦ ደረጃ ስር ስለተወለዱት ቡችሎች

ሰላም እህቴ። የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። ኮንዶሚኒየማችሁ ደረጃ ስር አንዲት ውሻ አምስት ቡችላ ወልዳለች፣ ዓይናቸው ገና አልተገለጠም፣ ዝናቡ እየገባባቸው ነው፣ ጎረቤት «ይጣሉልን» እያለ ነው፤ አንቺ ደግሞ ቡችሎቹን ቤትሽ አስገብተሽ የሚወስዳቸው ሰው ልትፈልጊ አስበሻል። እኔ የምኖረው ሽሮ ሜዳ፣ እንጦጦ ስር ነው። ስድስት ክረምት ከጎዳና ውሾች ጋር አሳልፌአለሁ። በእጄ የዳኑም በእኔ ጥፋት የሞቱም ስላሉ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

ቡችሎቹን ብቻ አታንሺ። በክረምት ቡችላን ከረሃብ በፊት የሚገድለው ብርድ ነው። ዓይኑ ያልተገለጠ ቡችላ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ እስከ ሁለተኛና ሦስተኛ ሳምንቱ ድረስ የሚሞቀው በእናቱ ሆድና በወንድም እህቶቹ ገላ ነው። የሐምሌን ሌሊት አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኛ ብርድ ልብስ ደርበን እንኳ እግራችን አይሞቅም። ከእናቱ የተነጠለ ቡችላ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ጡጦ ይፈልጋል፣ ሌሊቱንም ጭምር። ሥራ የሚውል ሰው አይችለውም። እኔ አንዴ ሞክሬ ከአራት አንዱን ብቻ ነው ያተረፍኩት። እናቲቱ እስካለች ድረስ የእኛ ሥራ እሷን ማድረቅና ማብላት ነው፤ የቀረውን እሷ ታውቃለች።

ስለዚህ ዛሬውኑ የሚያስፈልግሽ ጭድ ነው። መጀመሪያው ክረምት ላይ አሮጌ ብርድ ልብስና ካርቶን ነበር ያነጠፍኩት። ጠዋት ስደርስ ካርቶኑ ቦክቷል፣ ብርድ ልብሱ ውሃውን መጥጦ በረዶ ሆኗል፤ እናቲቱ ቡችሎቿን አንድ በአንድ ጎትታ ባዶ ሲሚንቶ ላይ አስተኝታቸዋለች። እሷ ያወቀችውን እኔ አላወቅኩም ነበር። እርጥብ ጨርቅ ከሲሚንቶ ይብሳል። ጭድ ግን እንደ ጨርቅ ውሃ አይዝም፣ ቡችሎቹ ውስጡ ይቀበሩበታል፣ በመሃሉ ያለው አየር ሙቀታቸውን ያቆይላቸዋል። ለጭቃ ቤትና ለከብት የሚሸጡ ሰዎች ጋ በማዳበሪያ ታገኚዋለሽ። ከስር አራት ብሎኬት ደርድሪ፣ በላዩ ጣውላ ወይም የተጣለ ፓሌት፣ ከዚያ ጭዱን ከስንዝር በላይ ከምሪበት። ዝናቡ በሚነፍስበት በኩል ሸራ ወጥሪ። መግቢያው እናቲቱን ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ይሁን፤ ሰፊ ከሆነ ሙቀቱ ይወጣል፣ ሌላ ውሻም ይገባባታል። በየሦስት አራት ቀኑ እጅሽን ወደ ውስጥ ሰድደሽ ዳብሺው፤ እርጥበት ካለው ቀይሪው።

ደረጃው ስር ጎርፍ የሚገባ ከሆነ ማዛወር የግድ ነው። ኮሚናሉ በስተጀርባ ጣራ ያለው ጥግ አይጠፋም፤ ኮሚቴውን አስፈቅጂ። ግን የወለደች ውሻ ትነክሳለችና ዘለሽ እጅሽን አትስደጂ። በመጀመሪያ ጥበቃውን ጠይቂው፦ «ይቺን ውሻ ማን ያበላታል?» በየሰፈሩ ባለቤት የለውም የሚባል ውሻ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አለው፣ ወይ ዘበኛው፣ ወይ ጉልት የምትሸጠው እናት፣ ወይ ሊስትሮው። ያ ሰው ከጎንሽ ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ። እኛ ሰፈር የቱቦ አፍ ላይ የወለደችውን ያዛወርናት ቆሎ በምትሸጥ እናት እጅ ነው። ሴትየዋ አንዱን ቡችላ አንስታ ሳፋ ውስጥ አስገባችና ሳፋውን ዝቅ አድርጋ ለውሻዋ አሸተተቻት። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ሳፋውን ይዛ ቀስ ብላ ስትሄድ ውሻዋ አፍንጫዋን ከሳፋው ጠርዝ ሳታነሳ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ፣ እየተንቀጠቀጠች እስከ አዲሱ ጭድ ድረስ ተከተለቻት። እኔ ብሞክረው ኖሮ እጄን ይዤ ወደ ሐኪም ቤት ነበር የምሮጠው።

ከቡችሎቹ መካከል አንዱ ተለይቶ ወጥቶ፣ ቀዝቅዞ ድርቅ ብሎ ካገኘሽው ቶሎ ሞተ አትበይ፣ ወተትም አትስጪው። ትንሿን ጣትሽን አፉ ውስጥ አስገቢ። ውስጡ ከቀዘቀዘሽ ሆዱ መፍጨት አቁሟልና ወተቱ ይገድለዋል። መጀመሪያ ማሞቅ ነው። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ጨምሪ፣ በነጠላ ወይም በፎጣ ጠቅልዪው፣ ቡችላውን ከጎኑ አድርጊ። ቀስ ብሎ ነው መሞቅ ያለበት፣ አንድ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስቀምጪው። አፉ ሲሞቅና ጣትሽን መጥባት ሲጀምር ወደ እናቱ መልሺው።

የእናቲቱ ምግብ ላይ ክረምት አንድ የራሱ ችግር አለው፤ ፍልሰታ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 አብዛኛው ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ የጎዳና ውሻ ደግሞ የሚኖረው በሥጋ ቤት ትርፍራፊ ነው። ዝናቡ በሚበረታበት ሰሞን ምግቡም ይጠፋል። የሚያጠቡት በሁለት ሳምንት ውስጥ አጥንታቸው ሲወጣ፣ ወተታቸው ሲነጥፍ በየዓመቱ አያለሁ። ሐምሌ ሳያልቅ ሳንባና ቅንጥብጣቢ ሥጋ ገዝተሽ ቀቅለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ፤ ካልሆነም የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ክፍት ናቸው። ሳንባና ጉበት በጥሬው በፍጹም አትስጪ። ከብቱ ሳንባና ጉበት ውስጥ ያለው፣ የትል እጭ የያዘ የውሃ ከረጢት ውሻው ሆድ ገብቶ ትል ይሆናል፣ የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ሰው ተመልሶ ጉበትና ሳንባ ላይ ያብጣል። በደንብ ይቀቀል። ከእሱ ጋር ሩዝ፣ ቅንጬ፣ ፓስታ፣ እንጀራ ይሆናል። የተረፈ ወጥ ግን ይቅር፤ ወጣችን በሽንኩርት ነው የሚሠራው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ያበላሻል። የተቀቀለ አጥንትም እየተሰነጠረ አንጀት ይበሳልና አትስጫት።

አሁን የሚያመኝን ልንገርሽ። ሁለተኛው ክረምቴ ላይ ቱቦ ውስጥ ያገኘኋትን አንዲት ቡችላ አጣጥቤ በቀጥታ ቤት ካሉት ስድስት ጋር ቀላቀልኳት። በሦስተኛው ቀን ማስታወክ ጀመረች፣ ከዚያ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ። ፓርቮ የሚባለው፣ የቡችላን አንጀት የሚያጠቃው ቫይረስ ነበር። እሷን ጨምሮ አምስቱ ሞቱ። ይህ አንሶ ሳጥኑን በኦሞ አጥቤ በወሩ ሌሎች አስገባሁበት፤ እነሱም ታመሙ። ሳሙና ፓርቮን አይገድለውም፣ ቫይረሱ መሬት ላይ ለወራት ይቆያል። የሚገድለው በረኪና ነው፦ ቆሻሻው በደንብ ከታጠበ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ፣ አሥር ደቂቃ ሳይጠረግ ይቆይ። የእንጨት ሳጥን ከሆነ አቃጥዪው። ስለዚህ ሌላ የሰፈር ቡችላ ቢያሳዝንሽም ከእነዚህ ጋር አትቀላቅዪ፤ እንግዳ ውሻ የነካ ሰውም እጁን ሳይታጠብ አይንካቸው። የፓርቮና የዲስተምፐር (ሌላው ውሻ ገዳይ ቫይረስ) ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንታቸው ይጀመራል፣ በየሦስት አራት ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደገማል። ወስፋት ደግሞ ከእናታቸው ይዘውት ነው የሚወለዱት፤ መድኃኒቱን ሐኪሙ እየመዘነ ከሁለተኛ ሳምንታቸው ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይስጣቸው። ቁንጫ ብለሽ ፍሊት አትንፊባቸው፣ እከክ ብለሽም ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት አትቀቢ፤ ይመርዛቸዋል።

ጎረቤቶችሽ «ይጣሉ» ያሉት ክፉ ስለሆኑ አይመስለኝም። የእብድ ውሻ በሽታ ፈርተው ነው፣ ፍርሃቱም እውነት ነው። በበሽታው ከሚሞቱት ሰዎች ከአሥሩ አራቱ ገደማ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። አትከራከሪያቸው። የሚያረጋጋቸው የክትባት ካርድ ነው፤ እናቲቱን አስከትበሽ ደማቅ ቀይ ቀበቶ አንገቷ ላይ እሰሪላት፣ የካርዱን ፎቶ ለኮሚቴው ላኪ። እኛ ብሎክ ላይ በጣም ትቃወም የነበረችው ጎረቤቴ ካርዱን ካየች በኋላ የሩዝ ቅሪት ማውረድ ጀምራለች። ቡችሎቹም ሦስት ወር ሲሞላቸው ይከተባሉ። ውሻ አንቺን ወይም ልጅን ከነከሰ፣ የቡችላ ጥርስ ቢሆን እንኳ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂጂ። ቁስሉን በባህል መድኃኒት አትሸፍኚ፣ «እስኪ ይታይ» ብለሽም አትቆዪ። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ መድኃኒት የለውም። የነከሰው ውሻ እንዳይገደል፤ ታስሮ አሥር ቀን ይታያል።

ወደ ሰው ፍለጋው ልምጣ። በዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው፣ ቶሎ ስለምንገላገል። ነጭ ፀጉራም ቡችላ ነበረኝ፤ ፎቶውን እንዳወጣሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ መኪና ያላት ሴት መጥታ ወሰደችው፣ ደስ አለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግቢዋ ሄድኩ። ውሃ መውረጃው አጠገብ፣ ጣራ የሌለው ቦታ ላይ፣ አጭር ሰንሰለት ላይ ነው ያገኘሁት፤ «ቀን ከታሰረ ሌሊት ኃይለኛ ይሆናል» ተብሎ። ዘበኛው ውሻ እንደሚመጣ የነገረው ሰው አልነበረም፣ ማን እንደሚያበላውም አያውቅም። መልሼ ይዤው መጣሁ። ከዚያ ወዲህ ባለቤትየዋን ብቻ አነጋግሬ ውሻ ሰጥቼ አላውቅም። ሌሊቱን ከውሻው ጋር የሚያድረው ዘበኛው ነው፤ የምታስረክቢውም ለእሱ ነው። «ቀን የት ይውላል? ሲዘንብ የት ይገባል?» ብለሽ ጠይቂና ቦታውን በዓይንሽ እዪ። የሚያሳይሽ ቦታ ከሌለ አትስጪ።

እስከ ዛሬ ካስረከብኳቸው ሁሉ የማይረሳኝ ላፍቶ አካባቢ ሕንፃ የሚጠብቁ አንድ አባት ናቸው። የወሰዱት ማንም ያልፈለጋትን፣ የኋላ እግሯ የሚያነክስ ሴት ቡችላ ነው። ሄጄ ሳያት ከቆርቆሮ ቁራጭና ከሲሚንቶ ከረጢት ቤት ሠርተውላት፣ መግቢያውን ከነፋሱ አዙረው፣ አሮጌ ካፖርታቸውን በር ላይ ሰቅለውላታል። «መቻል» ብለው ሲጠሯት እያነከሰች ወጥታ ጫማቸው ላይ ተቀመጠች። እሳቸው ቆሎ እየቆረጠሙ ለእሷ የተቀቀለ ሳንባ በላስቲክ ይዘውላት ነበር። ቪላ ብቻ አትፈልጊ። ጋራዥ፣ እንጨት ቤት፣ የግንባታ ቦታ ጠይቂ፤ ማታ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ውሻን ጓደኛ ያደርጋል።

«ወንድ ካለሽ እወስዳለሁ» የሚሉሽ ይበዛሉ። ለሴቶቹ መልስ ይኑርሽ፦ የመከነች ሴት ውሻ አትወልድም፣ በር ላይ ወንድ ውሾችን አትሰበስብም፣ ወንድ ፍለጋ ግቢዋን ለቅቃም አትዞርም። እኔ ሴት የወሰደ ሰው ስድስት ወር ሲሞላት ለማስመከን ይዟት እንዲመጣ አስፈርማለሁ፣ ወጪውን እካፈላለሁ። ወረቀቱ ላይ ሌላ አንድ መስመር አለ፦ «ካልተመቸኝ ለሰጠኝ ሰው እመልሳለሁ እንጂ አልጥልም።» ሕግ ፊት ምን ያህል ያስኬድ አይደለም የሚያሳስበኝ፤ ሰው ሲፈርም ያስብበታል።

ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው አትለያቸው። ያንቺዎቹ የሚሞላቸው እንቁጣጣሽ አካባቢ ነው፤ ያኔ ዝናቡም ይቀንሳል። በዋዜማው ግን አታስረክቢ። በርችት ደንግጦ ከአዲስ ቤት የሸሸ ውሻ ሁለት ጊዜ ፈልጌ አላገኘሁም። ከበዓሉ ማግስት ስጪ፣ የደመራ ለትም በር ዘግተው እንዲያስገቧቸው ንገሪያቸው።

እናቲቱን እንዳትረሻት። ውሻ ከሁለት ወር በትንሽ በሚበልጥ ጊዜ አርግዛ ትወልዳለች፣ በዓመትም ሁለት ጊዜ ትፈልጋለች። ለአምስቱ ቤት አግኝተሽ እሷን ደረጃ ስር ከተውሻት በበልግ ሌላ አምስት ይጠብቅሻል። ቡችሎቹ ጡት ከተዉ ሁለት ሳምንት ቆይተሽ አስመክኛት። ስፌቱ ከአሥር እስከ 14 ቀን ደረቅ ቦታ ስለሚፈልግ መስከረም ይመቻል፤ ከአሁኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ። ከዚያ በኋላ እዚያው ብትኖር፣ ጥበቃው ካበላት፣ ቤት ባታገኝም ቤት አላት።

ከባለፈው ዓመት የተረፈ አንድ ማዳበሪያ ጭድና ሁለት ሜትር ሸራ ቤት አለኝ። ሰፈርሽን በውስጥ ጻፊልኝ፤ ነገ ከሥራ ስወጣ አደርስልሻለሁ። እስከዚያ ከእናቲቱ ሆድ ስር ያለውን እርጥብ ነገር ሁሉ በጥበቃው እጅ አስወጪላት።