በሎጂክ ፒኤችዲ ልሥራ ወይ ላልከው ወንድሜ

«የሒሳብ ማስተርስ አለኝ፤ ማቲማቲካል ሎጂክ (የሒሳብን ማረጋገጫ ራሱን በሒሳብ የሚያጠናውን ዘርፍ) እወዳለሁ፤ ፒኤችዲ ብሠራበት እንጀራ ይሆነኛል?» ብለሃል። ይሆናል። ግን እኔ ያየሁትን አንተ እንዳታየው ልንገርህ።

1. ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ሰው ምረጥ። ስማቸው የገነነ ብዙ የሒሳብ ክፍሎች አንድም ሎጂክ የሚሠራ ሰው የላቸውም። አምስተርዳም፣ ቪየና፣ ሙንስተር፣ ሊድስ፣ በርክሌይ ጠንካራ ቡድን አላቸው። የፕሮፌሰሩን የቅርብ ጽሑፎች አርካይቭ (arXiv) ከሚባለው ነፃ የምርምር ጽሑፎች ድረ ገጽ አውርደህ ሳታነብ ኢሜይል እንዳትልክ። «ዲር ሰር» ብሎ ለሃምሳ ሰው የተላከ ደብዳቤ ማንም አይመልስልህም። እኔ አማካሪዬን ያገኘሁት ጽሑፉ ውስጥ ያለች አንዲት ሌማ (ረዳት ቲዎረም) አልገባ ብላኝ ጠይቄው ነው። በማግስቱ መለሰልኝ።

2. ከሎጂክ ሌላ የምታስተምረው ነገር ይኑርህ። ከሎጂክ ቅርንጫፎች ሞዴል ቲዎሪ (የሒሳብ ሕጎችን የሚያሟሉ አወቃቀሮች ጥናት) ከያዝክ አልጀብራ፣ ፕሩፍ ቲዎሪ (የማረጋገጫዎች ጥናት) ወይም ኮምፒውተቢሊቲ (በስሌት የሚፈታውና የማይፈታው ጥያቄ ጥናት) ከያዝክ ኮምፒውተር ሳይንስ። ይህን ዝም ብዬ አይደለም የምልህ። ዲግሪዬን ይዤ አገር ቤት ገባሁና አንድ ዩኒቨርሲቲ አመለከትኩ፤ ስሙ ይቅር። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ሲቪዬን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ሎጂክ? ፍሬሽማን ላይ የወሰድነው?» አለኝ። ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግን ማለቱ ነው! ወረቀቴን በጣቱ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ፍልስፍና ክፍል ጠይቅ» አለ። ሄድኩ። እዚያ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፌን መሃሉ ላይ ከፈቱት፤ ገጹ ከላይ እስከ ታች ምልክት ብቻ። «ይሄማ ሒሳብ ነው» ብለው ዘጉት። ቁጭ በል ያለኝ እንኳ የለም። ከሁለት ያጣ ሆንኩ።

እልህ ያዘኝ። ሲቪዬን እንደገና ጻፍኩት። ውሸት አልጨመርኩም፤ ውጭ ሳለሁ ያስተማርኳቸውን ሊኒየር አልጀብራና ዲስክሪት ማቲማቲክስ ከላይ አድርጌ ሎጂክን ወደ ታች አወረድኩት። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ወዲያው ቀጠረኝ። ያ የገፋኝ ክፍል ደግሞ ባለፈው ዓመት የማስተርስ ፈታኝ ሁንልን ብሎ በማኅተም ደብዳቤ ላከልኝ። ሄድኩ፤ ለምን አልሄድም! ኃላፊው አላስታወሰኝም፤ እኔም አላስታወስኩትም።

3. ማዕረግ ቢዘገይብህ አትሸበር። የሎጂክ ሊቁ ኩርት ጉደል ዓለምን ያስደነቀውን ቲዎረም (ሒሳብ ውስጥ ሊረጋገጥም ሊስተባበልም የማይችል ነገር እንዳለ ያሳየበትን) ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ ፕሪንስተን ያለው የከፍተኛ ጥናት ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር ያደረገው ግን በ1953። አሜሪካዊቷ የሎጂክ ሊቅ ጁሊያ ሮቢንሰን በ1948 ዶክትሬቷን ያዘች። የሒልበርት 10ኛ ጥያቄ (አንድ እኩልታ የሙሉ ቁጥር መፍትሔ እንዳለው ሁልጊዜ የሚለይ ዘዴ አለ ወይ የሚለው) በ1970 የተዘጋው እሷ በጣለችው መሠረት ላይ ነው። በርክሌይ ሙሉ ፕሮፌሰርነት የሰጣት ግን በ1976 ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ከተመረጠች በኋላ ነው። እነሱን ያንገላታ እኔንና አንተን ይምረናል?

4. ሊን (Lean) የሚባለውን የሒሳብ ማረጋገጫ ትክክል መሆኑን የሚፈትሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከአሁኑ ተለማመድ። በነፃ ይወርዳል። የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች ጋ በር ይከፍትልሃል።

በል፣ ሴት ቲዎሪ (የስብስቦች ጥናት) ነው ሞዴል ቲዎሪ የምትፈልገው? እሱን ሳትነግረን እኮ ነው የጠየቅከው።