«ድሮም ይሠራ ነበር» ለሚል ደንበኛ

ሰሞኑን ከቴክኒክና ሙያ የወጣ አንድ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የአንድ ሕንፃ ኤር ኮንዲሽነሮችን ሰርቪስ አድርገን ስንጨርስ ሥራ አስኪያጁ ‹ድሮም ይሠራ ነበር፣ አሁንም ይሠራል፤ ምን ሠራችሁና ነው የምከፍለው?› አለን። ምን ይባላል?» በስልክ አጭር መልስ ሰጠሁት። ከተሰነባበትን በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። አንድ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

ወጣት ሳለሁ እዚሁ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል የተቃጠለ ቺለር፣ ማለትም ሕንፃውን የሚያቀዘቅዝ ማሽን፣ እንድንፈታ ተላክን። ሙቀቱን የሚያስወጣው ክፍል፣ ኮንደንሰሩ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ጣሪያ ላይ ያንን ውሃ መልሶ የሚያበርድ ኩሊንግ ታወር ያለው ትልቅ ማሽን ነው። የተቃጠለው ሰርግ በነበረበት ቅዳሜ ነው። ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ የማሽን ክፍሉን ኦፕሬተር፣ እኚያን ሽማግሌ፣ አሰናበታቸው። «ሳይከታተሉ ቀርተው ነው» ተባለ።

ጋዙን የሚጨምቀውን ኮምፕሬሰር ስንከፍት ዘይቱ ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ሽታ ክፍሉን ሞላው። የኮንደንሰሩን ክዳን ስናወርድ ቱቦዎቹ በኖራ ቅርፊት ሊደፈኑ ትንሽ ቀርቷቸዋል። ሆቴሉ የጉድጓድ ውሃ ነበር የሚጠቀመው። ቱቦዎቹን በብሩሽ የሚያጸዱትን ሰዎች ኮንትራት ደግሞ ሰርዞታል። ምክንያቱ ያው «ምን ሠራችሁ» ነው። ከሁሉ የባሰው፣ ግፊት ሲበዛ ማሽኑን የሚያቆመው መከላከያ በሽቦ ተዘልሏል። ሰርጉ እንዳይስተጓጎል ብለው ነው። በማን ትእዛዝ እንደሆነ የነገረን የለም።

ከኤሌክትሪክ ቦርዱ አናት ላይ አንድ ደብተር አገኘሁ። የሽማግሌው ነው። በየሰዓቱ በእርሳስ ጽፈዋል፤ ግፊት፣ የውሃው መግቢያና መውጫ ሙቀት፣ አምፔር (ሞተሩ የሚስበው የኤሌክትሪክ መጠን)። ቁጭ ብዬ አገላበጥኩት። ኮንደንሰር ንጹሕ ሲሆን፣ ጋዙ ወደ ፈሳሽ በሚለወጥበት ሙቀትና በሚወጣው ውሃ ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ነው። ኖራ ሲይዝ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ሞተሩ ብዙ አምፔር ይስባል። ይኼ ሁሉ ደብተሩ ላይ ነበር፤ ከወር ወር እየጨመረ ሲሄድ ይታያል። ዳር ዳሩ ላይ «ለኃላፊ ተነግሯል» የሚል ጽሑፍ አለ። መጨረሻ አካባቢ «ግፊት በዝቶ እየቆመ ነው» ይላል።

ደብተሩን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄድኩ። ገልጦም አላየው። ሽማግሌው ወደ ሥራቸው አልተመለሱም። ያን ያህል ሲጽፉ ኖረው አንድ ሰው እንኳ ሳያነብላቸው በሰነፍ ስም መሄዳቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ደንበኛችሁ የሚከፍለው ለቁጥር ነው። ከጽዳቱ በፊት ስንት አምፔር ነበር፣ ከጽዳቱ በኋላ ስንት ሆነ? ባለፈው ሰርቪስስ? በወረቀት አስቀምጡለት፤ ሰውየው የሚገባው በመብራት ክፍያ ከሆነ በመብራት ክፍያ አስረዱት። ፊልተር እጠቡ፣ ቺንጋ እዩ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

የዛሬ ልጆች ግን አንድ ነገራችሁ ያናድደኛል። ማሽን አላቀዘቅዝ ካለ ወዲያው ጋዝ መሙላት ነው። ጋዝ እንደ ቤንዚን እየነደደ አያልቅም። ከቀነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ። የሚያፈስበትን ሳትፈልጉ ከሞላችሁ ገንዘቡንም ጋዙንም አየር ላይ በተናችሁት። በኤሌክትሮኒክሱ በኩል ግን ከእኛ ዘመን በብዙ ትበልጣላችሁ፤ ይህን ሳልመሰክር አላልፍም።

ከፍታውንም አትርሱ። ድሮ ከውጭ በመጣ መመሪያ ስንሠራ፣ ጋዝ ከመሙላታችን በፊት አየሩን ከማሽኑ በፓምፕ ስናወጣ ቫኪዩሙ ጌጁ ላይ ወደ 30 ኢንች መድረስ አለበት እያልን ጤነኛ ፓምፕ ፈታተናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ጌጁ 23 ኢንች አካባቢ ይቆማል። አየሩ ስስ ነው። በዚሁ ምክንያት የኮንደንሰር ፋን የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል፤ ስለዚህ እዚህ ትንሽ አቧራም ይጎዳል።

ቁጥር ቁጥር ብያለሁ እንጂ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ ከመሰባበሩ በፊት ድምፁ ይለወጣል። እሱን የምታውቁት ማሽኑ አጠገብ በመቆም ነው፤ ስልካችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ ቁሙ።

ሰርቪስ የተደረገ ማሽን አይበላሽም ብላችሁም ቃል አትግቡ። ዛሬ የለካችሁት፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ነገ ሊሞት ይችላል። የእኛ አገር ትልቁ ጣጣ ደግሞ መብራት ነው። ከሦስቱ ፌዝ (የመብራት መስመር) አንዱ ሲጠፋ ሞተሩ በቀሩት ሁለቱ እየታገለ ይቃጠላል፤ የፌዝ መቆጣጠሪያው መሥራቱን በየሰርቪሱ ፈትኑት። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ ኮምፕሬሰሩ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ነው መነሳት ያለበት፤ ግፊቱ ሳይመጣጠን ከተነሳ ይጎዳል። የሚያቆየውን ታይመር «ያዘገየናል» ብለው የነቀሉበት ሕንፃ ብዙ አይቻለሁ። ካጣችሁት መልሳችሁ ግጠሙት፤ መግጠማችሁንም ጽፋችሁ አስፈርሙ።