ዘይቱ የረጠበበት ቦታ ሁሉ የሚፈስበት አይደለም

ጥያቄ፦ ከፊት ለፊቱ አፈር ማንሻ ባልዲ ያለው አነስተኛ ትራክተር አለኝ። ሠርቼ ሳቆመው ከሥሩ ዘይት ይጠራቀማል። መካኒክ አይቶት «ሲሊንደሩ ነው» አለና የግራውን ማንሻ ሲሊንደር ሲል (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎማ) ቀየረልኝ። ለጥቂት ቀናት የተሻለ መሰለኝ፤ አሁን ግን እንደ በፊቱ ያንጠባጥባል። ሞተሩን አስነሥቼ ቱቦዎቹን በእጄ እየዳበስኩ ብፈልግ አገኘው ይሆን?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት እጅዎን ይሰብስቡ። ሞተሩ እየሠራ ቱቦ አይዳበስም፤ ጓንት ቢያደርጉም አይዳበስም። በእነዚህ ትንንሽ ትራክተሮች ላይ የሃይድሮሊክ ግፊቱ፣ ማለትም ባልዲውን የሚያነሣው ዘይት ግፊት፣ ብዙውን ጊዜ ከ130 እስከ 200 ባር (የግፊት መለኪያ) ይደርሳል። ቆዳን ለመብሳት ግን 7 ባር ገደማ ይበቃል። ከመርፌ ቀዳዳ በምታንስ ስንጥቅ የሚረጨው ዘይት ለዓይን ላይታይ ይችላል። ቆዳ ሥር ሲገባም መጀመሪያ የሚሰማው የትንኝ ንክሻ ያህል ነው። ሰዓታት ሲያልፉ ግን ሥጋውን እየገደለ እጅ እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው «ትንሽ ናት፣ ነገ ትሽራለች» ሳይል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ አለበት። ለሐኪሙም በግፊት የተረጨ ዘይት መሆኑን በግልጽ ይንገር፤ ከላይ የምትታየው ቀዳዳ በጣም ትንሽ ስለሆነች ጠርገው ሊያሰናብቱት ይችላሉ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ዘይት የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚልከው እጁን ስለሆነ ነው። መነጽር ያድርጉ፤ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ቁራጭ ካርቶን አስረው በሚጠረጥሩት ቱቦ አጠገብ ያንቀሳቅሱ። የሚረጭ ነገር ካለ ካርቶኑ ላይ እርጥብ መስመር ይሠራል።

አሁን ወደ ትራክተርዎ ልመለስ። መካኒክዎ የቀየረው እርጥብ ሆኖ ያገኘውን ዕቃ ይመስለኛል። ዘይት ግን ከወጣበት ቦታ አይቆምም፤ ቱቦና ብረት ይዞ ይወርድና ዝቅ ባለው ቦታ ይንጠባጠባል። የሞተሩ ማራገቢያም ብናኙን ወደ ኋላ ይነዳዋል። የማንሻውን ሲሊንደሮች ሁሉ ያስፈታ ባለቤት ትራክተሩን ወደ እኔ ሲያመጣ ያገኘሁት ችግር መቆጣጠሪያው ቫልቭ ጫፍ ላይ ያረጀ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ቀለበት) ነበር። ዘይቱ ከዚያ ተነሥቶ በሁለት ቱቦዎች መካከል ሳይታይ ይወርድና ሲሊንደሩ ላይ ብቅ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ማጠብ ነው። ያልታጠበ ትራክተር ላይ የቆየው ዘይትና አዲሱ አይለዩም፤ አቧራ የጠጣ አሮጌ ዘይት ሁሉንም ዕቃ ተጠርጣሪ ያደርጋል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቅባት በሚያስለቅቅ ሳሙና ይጠቡት። የውኃ ግፊቱን በኤሌክትሪክ ገመዶች፣ በማርሽ ሣጥኑ መተንፈሻና በሲሎች ላይ አያነጣጥሩ። በደንብ ሲደርቅ በመገጣጠሚያዎቹ፣ በቫልቩ ዙሪያና ቱቦው ከብረት አንገቱ ጋር በተጨመቀበት ቦታ ላይ የሕፃናት ፓውደር ነስነስ ያድርጉ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው ባልዲውን በቀስታ ከፍና ዝቅ ያድርጉ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይያዙት፤ ግፊቱ ከፍተኛ የሚሆነው ያኔ ነው፤ ረጅም ጊዜ መያዝ ግን ዘይቱን ያግለዋል። በተነሣ ባልዲ ሥር ማንም እንዳይገባ። ባልዲውን መሬት አስቀምጠው ሞተሩን ያጥፉና በእጅ ባትሪ ከላይ ወደ ታች ይመልከቱ። ነጩ ፓውደር ላይ ጠቆር ያለች እርጥብ መስመር ታያላችሁ፤ የመስመሯ የላይኛው ጫፍ የምትፈልጉት ቦታ ነው። በዚህ ካልተገኘ በዘይቱ ውስጥ የሚጨመር፣ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም አለ።

ከመፍታትዎ በፊት ግፊቱን ያውጡ፦ ባልዲውም የኋላው ማንሻም መሬት ይረፉ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ከዚያ መቆጣጠሪያ ዘንጎቹን በየአቅጣጫው ደጋግመው ያንቀሳቅሱ። መገጣጠሚያ ሲያጠብቁ በሁለት መፍቻ ነው፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ያጠብቃል፤ አለበለዚያ ቱቦው ይጠመዘዛል። አንድ ጊዜ በልኩ ጠብቆ መንጠባጠቡን ያልተወ መገጣጠሚያ ተጨማሪ ጉልበት አይፈልግም። ፈትተው ይመልከቱት፤ ኦሪንጉ ተቆርጦ ወይም የሚገጥመው ፊት ተጭሮ ያገኙታል። በኮን (በሾጣጣ የብረት ፊት) ወይም በኦሪንግ የሚገጥም መገጣጠሚያ ላይ ነጭ የቧንቧ ቴፕ አይጠቅልሉ፤ ቁራጩ ሲላቀቅ ቫልቩ ውስጥ ገብቶ ይሰነቀራል። አዲሱን ኦሪንግ በዚያው የሃይድሮሊክ ዘይት አርጥበው ያስገቡ። የተሰነጠቀ ቱቦ በቴፕም በማሰሪያም አይጠገንም፤ ያንኑ ግፊት በሚችል አዲስ ይተካል። ሲገጠም ርዝመቱን ይዞ የታተመውን ጽሑፍ ይዩ፤ ጽሑፉ ዞሮ ከታየ ቱቦው ተጠምዝዟልና ዕድሜው አጭር ነው።

ጥፋቱ በእርግጥ የሲሊንደሩ ሆኖ ከተገኘስ? የሚገባ የሚወጣው የተወለወለ ዘንግ ላይ ስስ ቅባት ማየት ጤነኛ ነው። ጠብታ ሆኖ ከወረደ ግን ዘንጉን በጥፍርዎ ይፈትሹ፤ በእርግጥ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ግፊቱም ወጥቶ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲሱን ሲል ወዲያው ይበላዋልና ዘንጉ ሳይስተካከል ሲል መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። የሲሉ ከንፈር ግፊቱ ወደሚመጣበት፣ ማለትም ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ዞሮ መግባቱንም መካኒክዎን ይጠይቁት። ተገልብጦ የገባ ሲል ዘይቱን ሊይዝ አይችልም።

ጥያቄ፦ የእኔ ትራክተር መሬት ላይ ጠብታ የለውም፤ የሃይድሮሊክ ዘይቱ ግን ይቀንሳል። የት ይሄዳል?

መልስ፦ አለካኩን ያጣሩ፤ ትራክተሩ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ማንሻዎቹ ሁሉ ወርደው መለካት አለበት። ሲሊንደሮቹ ተዘርግተው ከለኩት ዘይቱ በእነሱ ውስጥ ስለሚሆን ያነሰ ይመስላል። ቀጥሎ የሞተሩን ዘይት መለኪያ ዘንግ ያውጡ። ከልኩ በላይ ከሆነ፣ በተለይም ሳይጨምሩበት ከፍ ካለ፣ ፓምፑ በሞተሩ ማርሽ በሚዞርባቸው ትራክተሮች ላይ የፓምፑ ዘንግ ሲል አርጅቶ የሃይድሮሊኩን ዘይት ወደ ሞተሩ እያሳለፈ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ሲሉ ተቀይሮ የሞተሩ ዘይት እስኪለወጥ ትራክተሩን አያስነሡት። በአብዛኞቹ አነስተኛ ትራክተሮች ይኸው ዘይት የማርሽ ሣጥኑም ዘይት ስለሆነ ማነሱ ሁለቱንም ይጎዳል፤ ሲጨምሩም በመመሪያው የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ይጨምሩ። ዘይቱ አረፋ ይዞ ወይም ወተት መስሎ፣ ፓምፑም እያጓራ ከሆነ ደግሞ ወደ ፓምፑ የሚስበውን ወፍራም ቱቦ ማሰሪያዎች ይፈትሹ። ያ ቱቦ ሞተሩ ሲሠራ አየር ይስባል እንጂ ዘይት አያፈስም፤ እርጥበቱን ማየት የሚቻለው ትራክተሩ ቆሞ ካደረ በኋላ ነው።