አቤት ብዬ ተባረርኩ ላልሽው እህቴ

እርጉዝ መሆንሽ ሲታወቅ ከሚዛን ሥራ ላይ አንስተው ጆንያ እንዳሸከሙሽ፣ አቤት ስትይ ደግሞ ከቡሬው ፋብሪካ እንዳባረሩሽ ጽፈሻል። ያናድዳል! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 እርግዝናም ሆነ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት በቂ ምክንያት አይደለም ይላል። ይህን ፍርድ ቤት ካስረዳሽ ወደ ሥራሽ ይመልሱሻል።

ግን ዛሬ ነገ አትበይ፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ ከተሰናበትሽበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ጊዜው አልፏል ተብሎ) ይታገዳል፣ ሽማግሌ ልላክ እያልሽ ጊዜው እንዳያመልጥሽ። ደመወዝሽን ቢይዙብሽ እንኳ በፈቃዴ ለቅቄያለሁ የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ። የስንብት ደብዳቤውንና ያስገባሽውን አቤቱታ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። አብረውሽ ሚዛን ላይ የነበሩትንም በምስክርነት ያዢ። ለጠበቃ የምትከፍይው ከሌለሽ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ ባሕር ዳርም አለ።